ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው፤ የኢሉባቦር ገዥና የመናገሻ ከተማዋ እንደራሴ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት መቶኛ ዓመት በኅዳር ወር 1979 ዓ.ም. በተከበረ ጊዜ የከተማይቱን ታሪክ ብቻ የሚያሳይ አንድ ሙዚየም ተቋቋመ። ቤቱም ያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል ከነበረው ከመስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘው፣ ከቀድሞዎቹ መኳንንት አንዱ የነበሩት የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ሆነ። ምርጫው ተገቢ ነበር፤ የመናገሻ ከተማዋ የመጀመሪያ ታሪክ በአብዛኛው የመኳንንቱ ቤቶችና በየቤቶቹ ዙሪያ የሰፈረው ሕዝብ ታሪክ ነውና። በሙዚየሙ ክፍሎች ከተማዋ ገና የድንኳንና የጎጆ መንደር በነበረችበት ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎች፣ ለአገሩ እንግዳ የነበሩ እንደ ስልክ ያሉ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም የእቴጌ ጣይቱ፣ የልጅ ኢያሱና የንግሥት ዘውዲቱ ምስሎች ለሕዝብ ታይተዋል።

ከእቴጌ ጣይቱ ምስል ወደ ልጅ ኢያሱ ምስል የሚሸጋገር ተመልካች በአንድ እርምጃ የሚያልፈው ክፍተት፣ በታሪክ ውስጥ ግን እጅግ አስጨናቂ የነበረ ጊዜ ነው። ዐፄ ምኒልክ በደዌ ተይዘው የተኙበት፣ አልጋ ወራሹ ለአካለ መጠን ያልደረሱበት፣ እቴጌይቱም ሥልጣኑን ለመያዝ የጣሩበት ወቅት ነበር። በዚህ ክፍተት ውስጥ ቆመው የመንግሥቱን ሸክም የተሸከሙት ሰው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ይባላሉ። እኒህ ሰው እንደራሴ ከመሆናቸው በፊት ረጅሙን የሹመት ዘመናቸውን ያሳለፉት በአዲስ አበባ ሳይሆን በምዕራቡ ጫፍ፣ በኢሉባቦር ነበር። በመሆኑም የእርሳቸው ሕይወት መናገሻዋ ከተማ ከየትና በማን ጉልበት እንደ ቆመች ለመመርመር ለሚሻ ሁሉ ጥሩ ምስክር ነው።

ሰፈርና ግዛት

ተሰማ ናደው ያደጉትና ለማዕረግ የበቁት በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ አገልግሎት ነው። ያ ዘመን የሸዋ መንግሥት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በፍጥነት የተስፋፋበት ዘመን ነበር። በግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የራስ ጎበና ዳጬ ሠራዊት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረገ በኋላ፣ ከጊቤና ከዲዴሳ ማዶ ያለው ሰፊ አገር የሸዋ ድርሻ መሆኑ ተረጋገጠ። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ማሩና ቡናው ከዚያ ወዲያ ወደ ምኒልክ ግምጃ ቤት ይጐርፍ ጀመር።

ይኸው ሀብት ነው አዲስ አበባን ያቆማት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ፣ ቦታው ከጦር ሰፈር የተለየ መልክ አልነበረውም። ግቢው በጉብታ ላይ ተተከለ፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በዙሪያው ካሉት ጉብታዎች ላይ ቦታ ተመሩ፤ በጌታው አዳራሽ ዙሪያ ወታደሩ፣ ባለሟሉ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ጠጅ ጣይዋ፣ ባለ እጁና ባሪያው ሰፈረ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ሜዳና ወንዝ ስለ ነበረ፣ ከተማዋ ወጥ ሆና ሳይሆን ተበታትና አደገች። ዛሬ ድረስ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ መንደሮች በእነዚያ ጌቶች ስም መጠራታቸው የዚሁ ውርስ ነው። ራስ ተሰማ ሰፈርም ከእነዚህ ስሞች አንዱ ነው።

ነገር ግን የሰፈሩ ጌታ በሰፈሩ ዘወትር አይገኝም ነበር። እያንዳንዱ ሹም ሁለት ቤት ነበረው፤ አንዱ በመናገሻው፣ ሁለተኛው በተሾመበት ግዛት። በግዛቱ ያለው ቤት ግብር የሚሰበሰብበት፣ በመናገሻው ያለው ደግሞ ግብር የሚበላበትና ደጅ የሚጠናበት ነበር። ሹሙ ሲጠራ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲሰናበት ወደ ግዛቱ ይወርዳል። ደጃዝማች ተሰማም ዕድሜያቸውን በዚህ መንገድ ላይ ያሳለፉ ሰው ነበሩ።

ጎሬና የምዕራቡ ደን

ኢሉባቦር ስሙን ያገኘው ከኢሉ ኦሮሞዎችና በፈረስ ስማቸው አባ ቦራ ይባሉ ከነበሩት መሪ እንደ ሆነ ይነገራል። አገሩ ዝናብ የማያጣው፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን የተሸፈነ፣ በብዙ ወንዞች የተከፋፈለ ነው። ሶርና ገባ የሚባሉት ወንዞች ደኑን እያቋረጡ ወደ ባሮ ተፋሰስ ይወርዳሉ። ዛሬ በበደሌና በመቱ መካከል በምትገኘው በያዮ አካባቢ፣ ቡና ሰው ሳይተክለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ገበሬው ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ ፍሬውም ሲቀላ ይለቅማል፤ በዛፎቹ ቅርንጫፎች ላይም ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራዎች ተርታ ሊመዘገብ የበቃው በዚሁ በዱር ቡናው ምክንያት ነው።

ደጃዝማች ተሰማ መቀመጫቸውን ያደረጉት በዚህ አገር ከፍታ ላይ፣ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጎሬ ነበር። የጎሬ አቀማመጥ ከጦር ዓይን ሲታይ ጥሩ ነው፤ ከኋላዋ ደጋው፣ ከፊቷ በቡሬ በኩል ወደ ባሮ ቆላ የሚወርደው ገደል አለ። ከዚህች ተራራማ ሥፍራ ሆነው ደጋውን ይገዛሉ፤ ቆላውንም ይጠብቃሉ። በ1889 ዓ.ም. ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተጓዘው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች እስከ ባሮ ድረስ ዘልቆ አገሩን ካየ በኋላ፣ ስለ ጎሬና ስለ ገዥዋ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ የውጭ ሰዎች አንዱ ሆኗል። በዚያው ጊዜ ግድም ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋ መንግሥት ላይ በዘመቱ ጊዜም የኢሉባቦር ጦር ከዘመቻው ተካፋይ ነበር።

የደጃዝማች ተሰማ አስተዳደር በዘመኑ ከነበሩት አስተዳደሮች የተለየ አልነበረም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜንና በመካከሉ አገር የከብት እልቂትና ረኀብ የወረደበት፣ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን ነበር። የተራበው ወታደር ከጌታው ጋር ወደ ለምለሙ ደቡብና ምዕራብ መፍለሱ ለመስፋፋቱ አንዱ ግፊት ሆነ። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠው ነበር። ገባር የተባለው ገበሬ ለተመደበለት ነፍጠኛ እህል ይሰፍራል፤ ማር ያገባል፤ እንጨት ይሰብራል፤ ቤት ይሠራል፤ አጥር ያጥራል፤ ጌታው ሲዘምት ስንቅ ይሸከማል። በምዕራቡ ወሰን ደግሞ ከዚህ የከፋ መከራ ነበር፤ ሰውን ከቀዬው ነጥቆ መሸጥ። ከኢሉባቦርና ከአዋሳኝ አገሮች ብዙ ሰዎች በባርነት ተወስደዋል፤ በመናገሻው የጌቶች ቤትም ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚሸከሙትና እህል የሚፈጩት ከእነርሱ ወገን ነበሩ።

የራስ ተሰማን ሕይወት የሚመረምር ሰው ይህን ዘሎ ሊያልፍ አይገባውም። በግል ጠባያቸው ትዕግሥተኛና አስተዋይ ሹም መሆናቸው ቢነገርም፣ የቆሙበት ሥርዓት መሠረቱ የገባሩ ትከሻ ነበር። የመኳንንቱ አዳራሽ በመናገሻው ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር በደኑ ሥር ያለው ገበሬ ጎጆ ዝቅ እያለ ሄዷል። ሁለቱ የአንድ ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸው።

ወደ ነጭ ዓባይ

የደጃዝማች ተሰማን ስም ከአገር ውጭ ያሰማው በ1890 ዓ.ም. ያደረጉት ጉዞ ነው። ዐፄ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸው ወሰን በምዕራብ እስከ ነጭ ዓባይ እንደሚደርስ አስታውቀው ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ከግብፅ ተነሥተው ወደ ሱዳን፣ ፈረንሳዮችም ከኮንጎ ተነሥተው ወደ ዓባይ በመገሥገሥ ላይ ነበሩ። በካፒቴን ማርሻን የሚመራው የፈረንሳይ ጓድ ከምዕራብ ወደ ፋሾዳ ሲያመራ፣ ከምሥራቅ በኢትዮጵያ በኩል የሚመጣ ሌላ ጓድ እንዲቀበለው ታስቦ ነበር። ነገር ግን በቦንሻን የተመራው ይኸው ጓድ በባሮና በሶባት ረግረግ ውስጥ ስንቁ አልቆ፣ ጀልባም አጥቶ ተመለሰ።

ዐፄ ምኒልክ ነገሩን በጥንቃቄ ያዙት። ፈረንሳይን ማስቀየም አልፈለጉም፤ እንግሊዝንም በግልጽ መጋፋት አልወደዱም። ስለዚህ ለወሰናቸው ሲሉ የራሳቸውን ጦር ላኩ፤ የጦሩም አዛዥ ደጃዝማች ተሰማ ሆኑ። ከዚያ ከከሸፈው ጓድ የቀሩት ፌቭርና ሠዓሊው ሞሪስ ፖተር፣ እንዲሁም ከሩሲያ መልእክተኞች ጋር መጥቶ የነበረው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ከሁለት ኮሳኮች ጋር አብረው ተጓዙ።

ጦሩ ከጎሬ ደጋ ወደ ቆላው ሲወርድ የጠበቀው ጠላት የታጠቀ ሠራዊት አልነበረም። ረግረጉ፣ ሙቀቱና ንዳዱ ነበር። የደጋ ልጅ የሆነው ወታደር በወባ ይወድቅ ጀመር፤ አጋሰሶቹ አለቁ፤ ስንቁ ተመናመነ። የባሮና የሶባት ዳር ነዋሪዎች የሆኑት አኙዋኮችና ኑዌሮችም ሳይጠሩ የመጣውን እንግዳ በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ በሰኔ 1890 ዓ.ም. ከጦሩ የተመረጠ ክፍል የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ ደረሰ፤ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ሰንደቅ ዓላማዎችም በዚያ ተተከሉ።

ማርሻን ግን ገና አልደረሰም ነበር። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሊሞላ ስለ ሆነ፣ በሽታውም ስለ በረታ፣ ደጃዝማች ተሰማ መቆየት ጦሩን ማስጨረስ እንደ ሆነ ተረዱና እንዲመለስ አዘዙ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ነበር። በመስከረም 1891 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር በወታደርና በመርከብ ኃይል መጥቶ ከፊቱ ቆመ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ለጦርነት ተቃርበው በመጨረሻ ፈረንሳይ ለቀቀች። ማርሻን አገሩ የተመለሰው በሶባትና በባሮ ሽቅብ ወጥቶ፣ በጎሬና በአዲስ አበባ አድርጎ ወደ ጅቡቲ በመውረድ ነው። ቀድሞ ሊቀበሉት ወደ ወረዱበት አገር፣ እርሱ ራሱ በስደተኛ መልክ መጣ።

እነዚያ ጥቂት ሳምንታት ቢጨመሩ ኖሮ የዓባይ ሸለቆ ታሪክ ይለወጥ ነበርን የሚል ጥያቄ ሲነሣ ኖሯል። ስንቅ፣ መድኃኒትና ጀልባ የሌለው ጦር በዚያ ረግረግ ክረምቱን ሊያሳልፍ አይችልም ነበርና፣ መልሱ አይደለም የሚል ይመስላል። ደጃዝማች ተሰማ ከዝናና ከወታደሮቻቸው ነፍስ ሁለተኛውን መርጠዋል። ይህ ውሳኔ በዘመኑ እንደ ድል አልተዘፈነለትም፤ ዛሬ ሲታይ ግን ከድሎቻቸው የሚያንስ አይደለም።

ባሮ፣ ጋምቤላና የቡናው መንገድ

በነጭ ዓባይ ዳር የተተከለው ሰንደቅ ዓላማ አልጸናም። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል ወሰኑ ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከትሎ ተሰመረ፤ የሶባት ሜዳም ለሱዳን ቀረ። በአንጻሩ ዐፄ ምኒልክ በባሮ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ፣ ርዝመቱ በወንዙ ጠርዝ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲውል ፈቀዱ። ጣቢያው በመጨረሻ ጋምቤላ ላይ ተመሠረተ። ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ድረስ ይዘልቁ ጀመር።

የወሰኑ ውል የጎሬን ዕድል ለወጠው። ቀድሞ የመጨረሻ የጦር ኬላ የነበረችው ከተማ አሁን የመጀመሪያ በር ሆነች። የያዮና የመቱ ደን ቡና፣ የኢሉባቦር ሰምና የዝሆን ጥርስ በበቅሎና በሰው ጀርባ እየተጫነ በቡሬ ገደል ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ጨው፣ ጨርቅና የብረት ዕቃ በዚያው መንገድ ወደ ደጋው ይወጣል። ከጎሬ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ የሲራራው ጉዞ ሳምንታት የሚፈጅ፣ ዲዴሳና ጊቤ ሲሞሉ የሚቋረጥ ነበር። ስለዚህ የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ሳይደርስ ገና፣ የምዕራቡ ቡና በባሮ በኩል ወደ ውጭ ገበያ ይወጣ ነበር።

ሰላሙ ለንግዱ ዋስትና ሆነ፤ ንግዱም ለገዥው ኃይል። ከመኳንንቱ መካከል የተሰማ ናደው ክብደት እየጨመረ የሄደው በጦር ብቻ ሳይሆን በዚህ በር ጠባቂነትም ጭምር ነበር። በመናገሻው ያለው ሰፈራቸውና አዳራሻቸው ዕለታዊ ኑሮውን ያገኝ የነበረው ከዚሁ ምንጭ ነበር።

እንደራሴነት

የዐፄ ምኒልክ ጤና ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ እየታወከ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ ጊዜያቸው እንዳጠረ ተረድተው በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመው ነበር። ነገር ግን የሚኒስትሮቹ ሥልጣን ሥር ሳይሰድድ ደዌው ቀደመ። አደጋውን የሚያከብደው ሌላ ነገርም ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ሎንዶን ላይ ባደረጉት ስምምነት፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ለውጥ ቢመጣ ጥቅማቸውን የሚያስከብሩበትን ክልል አስቀድመው ተከፋፍለዋል። የአልጋው ባዶ መሆን ለአገሩ ነጻነት የሚያሰጋ ነበር ማለት ነው።

በግንቦት 1901 ዓ.ም. የወሎው ራስ ሚካኤልና የወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ እንዲሆኑ ተወሰነ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ገደማ ነበር። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ደዌው በጸና ጊዜ ውሳኔው ለሕዝብ ታወጀ፤ ተሰማ ናደውም በራስ ቢትወደድ ማዕረግ ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። ምኒልክ በኑዛዜያቸው ውርሱን የሚያፈርስ ሁሉ እንዲረገም አዘዙ፤ እርግማኑም ወራሹን አልቀበልም በሚል ሹም ላይ ብቻ ሳይሆን አደራውን በሚያጎድል ወራሽ ላይም ጭምር ነበር።

ምርጫው ስለ ምን በተሰማ ላይ እንደ ወደቀ ለመረዳት አያስቸግርም። ከነጋሢ ዘር ስላልሆኑ ለራሳቸው አልጋ ይፈልጋሉ ተብሎ አይጠረጠሩም። ከእቴጌይቱ ወገንም ከራስ ሚካኤል ወገንም አይደሉም። ጦር አላቸው፤ ግዛታቸው ሩቅ ነው፤ ገንዘብ አያጡም። ከዚህም በላይ በዕድሜያቸው የገፉ፣ በጠባያቸው የረጉ ሰው ነበሩ።

ነገር ግን ለኢሉባቦር የበቃው ትዕግሥት ለመናገሻው ግቢ አልበቃም። እቴጌ ጣይቱ የበሽተኛውን ባለቤታቸውን እልፍኝ ይጠብቃሉ፤ ትእዛዝም ከዚያ ይወጣል። ሹመት ይሰጣሉ፤ ሹመት ይሽራሉ፤ ለዘመዶቻቸውም ግዛት ያደላድላሉ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ለጥቂት ወራት ያህል እንደራሴ ተብለው እንጂ እንደራሴ ሆነው አልቆዩም፤ ግጭቱንም በትዕግሥት ለማለፍ ሞከሩ። በመጨረሻ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና ሌሎቹ የሸዋ መኳንንት ከመሐል ሰፋሪው ጦር ጋር ተስማምተው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ተገልለው ባለቤታቸውን በማስታመም ብቻ እንዲወሰኑ አደረጉ። ከተማዋን የቆረቆሩት እመቤት በቆረቆሩት ግቢ ውስጥ ያለ ሥልጣን ቀሩ። ደም ሳይፈስ መፈጸሙ ግን ትልቅ ነገር ነበር፤ ሁሉም ወገን የታጠቀ ጦር በየሰፈሩ ነበረውና፣ አንዲት ጥይት ብትተኮስ ከተማዋ ወደ ጦር ሜዳነት ለመለወጥ አንድ ቀን አይፈጅባትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለአንድ ዓመት ያህል እንደራሴው በእውነት እንደራሴ ሆኑ። በዚህ አጭር ዘመን ታላቅ ሥራ ተሠራ ለማለት አይቻልም። የሠሩት ሥራ መጠበቅ ነበር። ወራሹን ከተቀናቃኝ፣ ግዛቶቹን ከሽፍትነት፣ አገሩን የተከፋፈሉትን መንግሥታት ከምክንያት ጠበቁ። ለወራሹም አባት ሆነው ተግሣጽና ትምህርት የመስጠት ኃላፊነት ነበረባቸው፤ ልጅ ኢያሱ ግን ከትምህርቱ ይልቅ ወደ አደኑና ወደ ፈረስ ጉግሱ ያዘነብሉ ነበር።

ከሞታቸው በኋላ

ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በሚያዝያ 2 ቀን 1903 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አልጋ ላይ ቆይተው በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ጠባቂው ከተጠበቀው አስቀድሞ ሄደ።

የሞታቸው ክብደት የታየው ወዲያውኑ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ራስ አባተ ቧያለው ግቢውን በእጃቸው ለማድረግ ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። በተሰማ ቦታ ሌላ እንደራሴ አልተተካም። ገና 16 ዓመት የሆናቸው ልጅ ኢያሱ ያለ ሞግዚት የመንግሥቱን ልጓም ያዙ፤ ከመናገሻውም ርቀው በየግዛቱ መዞርን አዘወተሩ። የሸዋ መኳንንት ከእርሳቸው ጋር ያላቸው ቅሬታ እየሰፋ ሄዶ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን አወረዷቸው፤ ከአንድ ወር በኋላም በሰገሌ ሜዳ ላይ እልፍ ሕይወት ጠፋ። በ1902 ዓ.ም. የተከለከለው ደም በ1909 ዓ.ም. ፈሰሰ።

ከዚህ ላይ የራስ ተሰማ ሕይወት የሚያስተምረው ነገር ይገኛል። እርሳቸው ታማኝ ሰው ነበሩ፤ ታማኝነታቸው ግን በእርሳቸው ሕይወት የተወሰነ ነበር። ምኒልክ ሚኒስትሮች ቢሾሙም፣ የመንግሥቱ ሚዛን የተንጠለጠለው በአንድ ሽማግሌ ሰው እስትንፋስ ላይ ሆነ። ሰውየው ሲሞቱ አደራው የሚያርፍበት ሸንጎ አልነበረም። ታማኝ ሰው መምረጥ የመንግሥት ግማሹ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ያ ሰው ሲያልፍ አደራው ሳይወድቅ የሚቀጥልበትን ሥርዓት ማቆም ነው። ይህ ሁለተኛው አልተሠራም ነበር።

ጎሬም የተለየ ዕጣ ገጠማት። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆና የቀረችው ያች የተሰማ የቀድሞ ከተማ ነበረች። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹና ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በዚያ የመንግሥቱን ስም ጠብቀው እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ቆይተዋል። ጋምቤላ ላይ የተከፈተው በር፣ ከውጭ ጋር ለመገናኘት የቀረው ተስፋ ከዚያ ስለ ነበር፣ ለምርጫው አንዱ ምክንያት ሆኗል። የግዛት ከተማ ለጥቂት ወራት መናገሻ ሆነች፤ መናገሻዋ ደግሞ ምርኮኛ።

የከተማ ታሪክ ሙዚየም ለሚያደራጅ፣ ለሚያሳይና ለሚጠብቅ ባለሙያ የራስ ተሰማ ናደው ሕይወት አንድ መመሪያ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ታሪክ ከአዲስ አበባ ክልል ውጭ ይጀምራል። የመኳንንቱ ካባና ጋሻ፣ የግቢው ፎቶግራፍ፣ የመጀመሪያው ስልክ በሚታይበት አዳራሽ፣ ከያዮ ደን የወጣ የቡና ከረጢት፣ የገባሩ የማር ቀፎ፣ የሸክም ገመድና የሲራራው የበቅሎ ኮርቻ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። ከእነዚህ ውጭ የሚታይ ከተማ በራሱ የበቀለ ይመስላል፤ በራሱ የበቀለ መናገሻ ግን የለም።

በተሰማ ናደው ስም የተጠራው ሰፈር ነዋሪ ስሙን በየቀኑ ያነሣዋል፤ ባለ ስሙ ማን እንደ ነበሩ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። በጎሬ ያለው ሕዝብ ደግሞ ከአያቶቹ የሰማው የራስ ተሰማ ዘመን ወሬ አለው፤ ወሬው ክብርም ምሬትም ያለበት ነው። ሁለቱ ትዝታዎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የከተማይቱ ታሪክ ይሟላል። የአንዱ ብቻ ቢሰቀል ምስሉ ከግማሽ አያልፍም።